ሽሮ ከቤት ሠርቶ መሸጥ፦ ሙያው እያላት መጀመር ለፈራች ሴት ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ሽሮዋን ዘመድ ጎረቤት እያመሰገነላት፣ "ልሽጥ ብዬ ባይቀናኝስ" እያለች ከዓመት ዓመት ለምትገፋ ሴት ነው። ከቤት ሥራ ጀምረው የሚያቋርጡ ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በሙያ አይደለም። ወጪያቸውን ሳያሰሉ ይሸጣሉ፣ ይሉኝታ ይዟቸው ዕቃውን በዱቤ ይበትናሉ፣ ወይም ገና በመጀመሪያው ዙር ብዙ ገንዘብ ያወጡና አንድ ብልሽት ልባቸውን ይሰብረዋል።

ድፍረት እስኪመጣ አትጠብቂ። ፍርሃትሽን ጠጋ ብለሽ ብታዪው መልስ ያላገኙ ጥያቄዎች ናቸው፦ ስንት ልበል? እምቢ ቢሉኝስ? ብከስርስ? ቤተሰቤ ምን ይላል? ለእያንዳንዳቸው መልስ የሚሰጥ ሥራ አለ። ከታች ያለው የዚያ ሥራ ቅደም ተከተል ስለሆነ አታዛንፊው። በተለይ ዋጋ ሳታወጪ ወደ ሽያጭ አትሂጂ።

ምሳሌው ሚጥን ሽሮ ነው። በየሳምንቱ ይፈለጋል፣ እንደ እንጀራ በማግስቱ አይበላሽም፣ ሳይሸጥ ቢቀር ደግሞ ቤት ይበላል። ለመጀመሪያ ሙከራ ከዚህ የሚሻል አናውቅም።

ደረጃ 1፦ ፍርሃትሽን ወረቀት ላይ አውርጂ

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈዪ። በግራ በኩል የሚያስፈራሽን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ነገሩ ቢደርስ የሚያስከትለውን በብር ወይም በተጨባጭ ነገር አስቀምጪ። "እከስራለሁ" ብሎ መጻፍ አይበቃም። "5,000 ብር አውጥቼ አንድም ከረጢት ባይሸጥ፣ ቤታችን ለወራት ሽሮ አይገዛም" ብለሽ ጻፊ። "ሰው ይስቅብኛል" ካልሽ ማን እንደሚስቅ በስም ጥሪ። ብዙ ጊዜ ስሞቹ ከሁለት አይበልጡም፣ ከእነሱም አንዳቸውም ሽሮ ገዢ አይደሉም።

ባለትዳር ከሆንሽ ወሬው የሚጀመረው ከቤት ነው። ቁጥር ይዘሽ ቅረቢ፦ ስንት ብር፣ ከየት የመጣ፣ ስንት ቀን የሚፈጅ፣ የቤቱን የትኛውን ቦታ የሚይዝ። "ነጋዴ ልሆን ነው" ከማለት ይልቅ "ለሁለት ወር ልሞክርና ደብተሩን አብረን እንየው" ማለት ይቀላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ በግል ጥረት የሚገኝ ገቢ የጋራ እንደሆነና የሚያስተዳድሩትም ባልና ሚስቱ አብረው እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ የምትነጋገሩት የሁለታችሁ ስለሆነ ገንዘብ ነው፣ አንቺም በዚያ ገንዘብ ላይ እኩል ድምፅ አለሽ።

ንግግሩ ወደ ዛቻ ወይም ወደ ዱላ ከሄደ ሥራውን አቆዪው። መጀመሪያ የምታምኛትን ሰውና በወረዳሽ ያለውን የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አማክሪ።

ደረጃ 2፦ የሙከራውን ገንዘብና ዕቃ አዘጋጂ

ገንዘቡ ቢጠፋ ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም መድኃኒት የማያጓድል መሆን አለበት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች አትበደሪ። የእቁብ ዕጣ ደርሶሽ እንኳን ቢሆን ሁሉንም አታስገቢ። ለዚህ ሥራ ብቻ የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር ለዪ፣ እሱ ካልተመቸ ለብቻው የሚዘጋ ቦርሳ ያዢ። የሽሮው ብር ከአስቤዛው ብር ከተቀላቀለ አትርፈሽ ይሁን ከስረሽ በጭራሽ አታውቂም።

የሚያስፈልግሽ ዕቃ፦

- ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን። በዚህ አትደራደሪ፤ በጣሳና በኩባያ ተለክቶ የሚሸጥ ሽሮ ዋጋው አይታወቅም።
- ሰፌድ፣ ወንፊት፣ ብረት ምጣድ፣ ንጹሕ የማስጫ ጨርቅ ወይም ሸራ
- ክዳኑ የሚገጥም ደረቅ ባልዲ
- የላስቲክ ከረጢትና በሙቀት የሚያሽግ ትንሽ ማሽን፤ ከጎረቤት መዋስ ይቻላል። በሻማ የታሸገ ላስቲክ አየር ያስገባል።
- ደብተር

ደረጃ 3፦ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን

የመጀመሪያው ዙር በግማሽ ኪሎ ከረጢት የታሸገ ሚጥን ሽሮ ብቻ ነው። ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ቆሎና እርድ ደርቦ መጀመር ከሩቅ ሲያዩት ሥራው የሰፋ ያስመስላል። ነገር ግን የቱ እንዳተረፈና የቱ እንደከሰረ አይለይም፣ ብልሽት ሲመጣም ምንጩ አይገኝም። አንድ ኪሎ ለአዲስ ደንበኛ ይከብዳታል፣ ሩብ ኪሎ ደግሞ የከረጢቱን ወጪ ያበዛል።

ደረጃ 4፦ ሽሮውን አዘጋጂ

ለአንድ የሙከራ ዙር፦

- አተር 10 ኪሎ
- የተዘጋጀ በርበሬ 1.5 ኪሎ
- ቀይ ሽንኩርት 1 ኪሎ
- ነጭ ሽንኩርት 500 ግራም
- ዝንጅብል 200 ግራም
- የደረቀ በሶብላ 100 ግራም
- የተፈለፈለ ኮረሪማ 100 ግራም
- ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ 50 50 ግራም
- የጤና አዳም ፍሬ 50 ግራም

የቤትሽ ልኬት ከዚህ ቢለይ የራስሽን ተከተዪ፣ ግን እየመዘንሽ። "እፍኝ" የሚባለውን ሁሉ ሚዛን ላይ አድርገሽ በግራም ጻፊው። ደንበኛ የምትመለሰው የዛሬው ሽሮ ካለፈው ጋር አንድ ዓይነት ሲሆን ነው።

1. አተሩን ልቀሚ። የነቀዘ ካለበት አትግዢ። ቤት ገብቶ ከተገኘ ለይተሽ መልሺ። ነቀዝ ከአንድ ጆንያ ወደ ሌላው ያልፋል።

2. እርጥብ ቅመሙን ቀድመሽ አድርቂ። ሽንኩርቶቹንና ዝንጅብሉን በስሱ ክተፊና ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጪ። ደርቋል የሚባለው በጣትሽ ስትጨብጪው ሲሰባበር ነው። ከታጠፈ አልደረቀም። እንደ ፀሐዩ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይወስዳል። ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቢ፤ የሌሊት ጤዛ የቀኑን ሥራ ይመልሰዋል። ብዙ ሽሮ የሚሻግተው እዚህ ላይ በተደረገ ችኮላ ነው።

3. አተሩን በመካከለኛ እሳት እመሺ። በአንድ ጊዜ ከ2 ኪሎ አታስበልጪ፣ ማማሰሉንም አታቋርጪ። ልጣጩ ሲሰነጠቅና ሽታው ሲወጣ አንድ ፍሬ ነክሰሽ እዪ። ጥሬ ጥሬ ካለ ይቆይ፣ ውስጡ ቡናማ ከሆነ ግን አልፎበታል። ያለፈበት ወጡን ያመርረዋልና አትቀላቅዪው፣ ለቤት አስቀሪው።

4. አስከኪና በሰፌድ ገለባውን ንፊ። ከዚያ ክኩን መዝኚ። ከ10 ኪሎ 7.5 ኪሎ አካባቢ ብታገኚ አትደንግጪ። ይህ ቁጥር ዋጋ ስታወጪ ስለሚያስፈልግሽ ጻፊው።

5. ደረቅ ቅመሙን ለብቻው፣ በትንሽ እሳት ለአጭር ጊዜ እመሺ። አዝሙድና ኮረሪማ ቶሎ ያርራሉ።

6. ክኩን፣ በርበሬውንና ቅመሙን ሁሉ ቀላቅዪና አንድ ግማሽ ቀን ፀሐይ አስመቺው። ጨው አታስገቢ። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ደንበኛም እንደየቤቷ ትጨምራለች።

7. አስፈጪ። ወፍጮ ቤት ማልደሽ ሂጂ፣ እስኪያልቅም እዚያው ቁሚ። ካንቺ በፊት ሚጥሚጣ ወይም ጓያ ተፈጭቶ ከሆነ ቅሪቱ ያንቺ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣውን ግማሽ ኪሎ ያህል ለዪና አትሽጪው።

8. አቀዝቅዢ። ትኩስ ዱቄት አታሽጊ። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ፣ ሸፍነሽ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ። በሙቀቱ የታሸገ ሽሮ ላስቲኩን ያልበዋል፣ ይጓጉላል፣ ከዚያም ይሻግታል።

9. ንፊና አሽጊ። ባዶውን ከረጢት ሚዛን ላይ አድርገሽ ወደ ዜሮ መልሺ፣ ከዚያ 500 ግራም ሙዪ። አንድም ግራም አታጉድዪ። በየከረጢቱ ላይ የተመረተበትን ቀንና በውስጡ ያለውን ጻፊ።

ከተለየው የወፍጮ ቅሪትና ከብናኙ በኋላ 9 ኪሎ፣ ማለትም 18 ከረጢት፣ ይኖርሻል። ከእነዚህ አንዱን አትሽጪ። "ናሙና" ብለሽ ቀኑን ጻፊበትና ለሁለት ወር አስቀምጪው። አንዲት ደንበኛ "ሽሮሽ ተበላሸብኝ" ብትል ናሙናውን ከፍተሽ ታያለሽ። ናሙናው ደህና ከሆነ ችግሩ ምናልባት እሷ ጋ ያለው አቀማመጥ ነው፣ እሱም ከተበላሸ ዙሩን በሙሉ ሰብስቢ። ይህን የምታደርግ ሴት ቅሬታ ሲመጣባት አትርበተበትም።

ስለ ጓያ፦ ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙዎች ይቀላቅሉታል። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግር የሚያሽመደምድ በሽታ ያመጣል። ጥቂትም ቢሆን አታስገቢ። ከደንበኛ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ "ጓያ አለበት?" የሚል ይሆናል፣ "የለበትም" ስትዪ ዓይኗን እያየሽ መሆን አለበት።

ደረጃ 5፦ ዋጋ አውጪ

አብዛኛው የመጀመር ፍርሃት የሚሟሟው እዚህ ነው። ዋጋዋ ከየት እንደመጣ የምታውቅ ሴት "ተወደደ" ስትባል አትደነግጥም።

ከታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ምሳሌ ናቸው። በእያንዳንዱ ቦታ የሰሞኑን ያንቺን ገበያ ዋጋ ተኪ።

- አተር 10 ኪሎ በ150 ብር፦ 1,500
- በርበሬ 1.5 ኪሎ በ700 ብር፦ 1,050
- ሽንኩርቶችና ዝንጅብል፦ 400
- ደረቅ ቅመም፦ 450
- ማስከኪያና ወፍጮ፦ 150
- ከሰል ወይም መብራት፦ 150
- ትራንስፖርት፦ 200
- 18 ከረጢትና ወረቀት በ15 ብር፦ 270
- ጉልበትሽ፣ 2 ቀን በ400 ብር፦ 800

ድምሩ 4,970 ብር። ለ9 ኪሎ ሲካፈል ኪሎው 552 ብር ወጣበት ማለት ነው። ለናሙናና ለብልሽት 5 በመቶ ስትጨምሪ 580 ይሆናል። በዚህ ላይ 20 በመቶ ትርፍ ስታክዪ 696 ይመጣል፣ ወደ 700 አጠጋጊው። ግማሽ ኪሎው 350 ብር።

አሁን የተለመደውን ስህተት ተመልከቺ። ብዙዎች የሚቆጥሩት የመጀመሪያዎቹን አራት መስመሮች ብቻ ነው፦ 3,400 ብር። ለ9 ሲካፈል ኪሎው 378 ብር የወጣበት ይመስላል። "በ450 ብሸጥ 72 ብር አተርፋለሁ" ይላሉ። በእውነቱ በየኪሎው 102 ብር፣ በዙሩ ደግሞ ከ900 ብር በላይ እየከሰሩ ነው። ሁሉም ከረጢት ያልቃል፣ ደንበኛው ያመሰግናል፣ እጅ ላይ ግን ገንዘብ የለም። "ንግድ ለእኔ አልተፈጠረም" ብለው የሚያቆሙትም ከዚህ በኋላ ነው። የጎደለው የስሌቱ ግማሽ ነበር።

የጉልበትሽን ክፍያ ከስሌቱ አታውጪ፣ "የራሴ ነው" አትበዪ። ነገ ታመሽ ሌላ ሰው ብትቀጥሪ የምትከፍዪው ገንዘብ ነው።

ዋጋሽ ከገበያው ጋር ከተጋጨ፦ በአካባቢሽ ሦስት ቦታ፣ ማለትም ባልትና ቤት፣ ሱፐርማርኬትና ከቤት የምትሸጥ ሌላ ሴት ዘንድ፣ ዋጋ ጠይቂ። ያንቺ 700 ሆኖ የሌሎቹ 600 ከሆነ መጀመሪያ ዕቃቸውን ገዝተሽ ሠርተሽ ቅመሺ። ያንቺ በግልጽ የሚሻል ከሆነ ዋጋሽን ያዢ። ካልሆነ ወጪ ቀንሺ፦ አተሩን ከአዝመራ በኋላ በጅምላ ግዢ፣ ትራንስፖርቱን ከሌላ ሴት ጋር ተካፈዪ፣ ወፍጮ ቤት የምትሄጂበትን ቀን አዋህጂ። ይህም ሁሉ ሆኖ ወጪሽ ከገበያው ዋጋ በላይ ከሆነ በዚህ ምርት አትግቢ፣ በሌላ ምርት ይህንኑ ስሌት ከመጀመሪያው አስዪ። ወረቀት ላይ የተገኘ ኪሳራ ምንም አያስከፍልሽም።

ደረጃ 6፦ ለማያዳሉ ሰዎች አስቀምሺ

እናትሽና እህትሽ "ግሩም ነው" ይላሉ፤ ይወዱሻል። አምስት ሌሎች ሰዎች ፈልጊ፦ የሥራ ባልደረባ፣ ጸጉር የምትሠሪበት ቤት ያሉ ሴቶች፣ የልጅሽ ጓደኛ እናት። ለወፍጮው ማጥሪያ ካስቀረሽው ሳይሆን ከሚሸጠው ሽሮ ሠርተሽ አቅርቢ። "ይጣፍጣል?" ብለሽ አትጠይቂ፤ በባህላችን ማንም ፊት ለፊት "አይጣፍጥም" አይልም። ይልቅ "ግማሽ ኪሎው 350 ብር ነው፣ ለዚህ ሳምንት ላምጣልሽ?" በያቸው። የምትከፍል ምላስ እውነቱን ትናገራለች።

ከአምስቱ ሁለት ከገዙ ወደ ቀጣዩ ደረጃ እለፊ። ማንም ካልገዛ ምክንያቱን አንድ በአንድ ጠይቂ፦ በርበሬው በዛ? ወጡ ይሰባበራል ወይስ ይያያዛል? ጥሬ ይሸታል? ጥሬ የሚሸተው ሳይታመስ የቀረ ነው፣ የሚመረው ያረረ ነው፣ ያልተያያዘው ደግሞ አልላመም። ሁለተኛ አስፈጪና ሞክሪ።

ደረጃ 7፦ ዋጋሽን ተናግረሽ ዝም በዪ

አሥራ ሁለት ስም ጻፊ። ቅርብ ዘመድን መጨረሻ ላይ አድርጊ። ከዘመድ መጀመር ቀላል ይመስላል፣ ግን ዱቤውም፣ ቅናሹም፣ "ለእኔ በነፃ" የሚለውም የሚመጣው ከዚያ ነው። በስም ከምትተዋወቂያቸው፣ ግን ቤት ለቤት ከማትገቢያቸው ሰዎች ጀምሪ።

ሄደሽ የምትናገሪው ይህን ነው፦

"ሽሮ ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ። አተር ብቻ ነው፣ ጓያ የለበትም። ግማሽ ኪሎው 350 ብር ነው። ስንት ላምጣልሽ?"

ከዚህ በኋላ ዝም በዪ። ዝምታው ይከብዳል፣ ቢሆንም ቻዪው። አዲስ ሻጮች በብዛት የሚወድቁት እዚህች ላይ ነው፦ ማንም ሳይጠይቃቸው "ግን ለአንቺ እቀንሳለሁ"፣ "ከሌለሽ ሌላ ጊዜ ትሰጪኛለሽ" ይላሉ። ቅናሹን የሰጠው ደንበኛው አይደለም፣ ይሉኝታው ነው። ከመሄድሽ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ቤት ውስጥ ጮክ ብለሽ አሥር ጊዜ በዪው። ስልክሽ ላይ ቅጂና ስሚው። ዋጋው ላይ ስትደርሺ ድምፅሽ ከወረደ ደግመሽ በዪው።

ለሚመጡት ነገሮች መልስ ይዘሽ ሂጂ፦

"ቀንሺልኝ" ስትባዪ፦ "ዋጋው አንድ ነው። አራት ከረጢት በአንዴ ከወሰድሽ ግን ቤትሽ ድረስ አመጣለሁ።" ከዋጋው አትነኪ፣ ከፈለግሽ አገልግሎት ጨምሪ።

በዱቤ ስትጠየቂ፣ በዕድሜ ለሚበልጡሽ፦ "ይቅርታ እትዬ፣ በዱቤ አልጀመርኩም። ደመወዝ ሲወጣ ላምጣልዎት?" በዚሁ ቀኑን ደብተርሽ ላይ እያዩሽ ጻፊ። ያኔ እምቢታ መሆኑ ይቀርና ቀጠሮ ይሆናል።

ዘመድ በነፃ ሲጠብቅ፦ በየዙሩ አንድ ከረጢት ብቻ ለስጦታ መድቢ፣ "ስጦታ" ብለሽም በወጪ መዝግቢ። ለአማትሽ ከሰጠሽ ለዚህ ዙር አለቀ። ሌላው ሲመጣ "የዚህን ወር ስጦታ ሰጥቻለሁ፣ የቀረው የሥራው ነው" ማለት እውነት ስለሆነ አያሳፍርም።

"ቤት አለኝ" የምትልሽን እንደ እምቢታ አትቁጠሪያት። መቼ እንደሚያልቅባት ጠይቂ፣ ቀኑን ጻፊ፣ በዚያ ሳምንት ደውዪ። ከእምቢታ ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ሱቅ "አስቀምጪና ሲሸጥ እከፍልሻለሁ" ካለሽ ለመጀመሪያው ዙር እምቢ በዪ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ከአምስት ከረጢት አታስበልጪ፣ ፊርማ ተቀበዪ፣ የቀድሞው ሳይከፈል አዲስ አትስጪ።

ደረጃ 8፦ ደብተር

አራት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ከጀርባው ገጽ ላይ የደንበኛ ስም፣ የገዛችበት ቀንና ብዛት። በየቀኑ ማታ ጻፊ። በየሳምንቱ መጨረሻ ከረጢቶቹንና ብሩን ቁጠሪ፣ ከደብተሩ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ በዚያው ምሽት ፈልጊ፤ ከሳምንት በኋላ አይገኝም።

አስቤዛ ከጎደለ ከሽሮው ቦርሳ አትውሰጂ። የጉልበትሽን ክፍያ ግን በየዙሩ መጨረሻ ለራስሽ ክፈዪ፣ ለአስቤዛ የሚሆነው እሱ ነው።

ደረጃ 9፦ ሁለተኛው ዙር

17ቱ ከረጢቶች በሦስት ሳምንት ውስጥ አልቀው ቢያንስ አምስት ሰው ተመልሶ ከገዛ በሚቀጥለው ዙር 20 ኪሎ አተር ያዢ። አልቀው ግን ማንም ካልተመለሰ የገዙሽ ለውለታ ነው። መጠኑን አትጨምሪ፣ ወደ ደረጃ 6 ተመለሺ። ግማሹ እንኳን ካልተሸጠ ደግሞ ደብተርሽን ክፈቺና ስንት ሰው እንደጠየቅሽ ቁጠሪ። ከአሥራ ሁለት በታች ከሆነ ገና አልተሞከረም።

የጾም ወቅት የሽሮ ወቅት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይጀምራል፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ሽሮሽ ከጾሙ መግቢያ ሁለት ሳምንት በፊት ታሽጎ መጠበቅ አለበት፣ ሰው የሚገዛው ቀድሞ ነውና። ፍልሰታ ላይ ተጠንቀቂ። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ስለማይገኝ እርጥብ ቅመሙን ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት አድርቂና ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ አስቀምጪ። በክረምት ቤት ውስጥ በደንብ ያልደረቀ ቅመም አስገብቶ ማስፈጨት ዙሩን በሙሉ ያስጥላል። ካልደረቀ እርጥብ ቅመሙን ተዪና "ያለ ሽንኩርት" ብለሽ ጽፈሽ ሽጪ።

ደረጃ 10፦ ፈቃድና ብድር

ደንበኛ ተመልሶ መግዛት እንደጀመረ ሥራውን ሕጋዊ አድርጊ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 980/2008፣ የምግብ ቁጥጥሩ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የሥራ ቦታ ማስረጃ (የኪራይ ውል ወይም የቤት ሰነድ) ያስፈልጋል። ለምግብ ምርት የብቃት ማረጋገጫም ትጠየቂያለሽ። ወረዳሽ ያለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀበዪ። በቃል የተነገረሽን ይዘሽ ከመመላለስ ያድንሻል።

ፈቃድ ካወጣሽ በኋላ በየዓመቱ መታደስ አለበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ማደሻ ጊዜውን በስልክሽ ማስታወሻ ላይ መዝግቢ። ሥራውን ብታቆሚ ደግሞ ፈቃዱን መልሺ። ዝም ብለሽ ከተውሽው ግብርም ቅጣትም ይጠራቀምብሻል።

ማሸጊያው ላይ የምርቱ ስም፣ ይዘቱ፣ የተጣራ ክብደት፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የአምራቿ ስምና አድራሻ ይኑር።

ብድር ከሦስተኛው ዙር በፊት አትንኪ። ከዚያ በኋላ የሴቶችን ሥራ የሚደግፉትን ጠይቂ፦ አነስተኛ የብድር ተቋማትን፣ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን እናት ባንክ፣ በአካባቢሽ ያለውን የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር። የምትይዢው ደብተርሽን ነው። ወርኃዊ ክፍያው ካለፉት ሦስት ወራት አማካይ ትርፍሽ ከሲሶ ከበለጠ አትፈርሚ። በቡድን ዋስትና ከሆነ አብረውሽ የሚፈርሙትን ሴቶች ደብተር ሳታዪ አትግቢ፣ የእነሱ ዕዳ ያንቺም ነው። ብሩም ቀድሞ ለተቆጠረ ነገር ይዋል፦ ለአተር በጅምላ፣ ለማሸጊያ ማሽን፣ ለሚዛን። ሱቅ ለማሳመር አይሁን።

ዙሩ ከተበላሸ

ሽሮው ሻገተ፦ አትለዪው፣ አታድርቂውም፣ አትሽጪውም። ሻጋታ በዓይን የማይታይ መርዝ ይተዋል። በሙሉ ጣዪው። ከዚያ የተሸጠውን ከደብተሩ ፈልገሽ ለእያንዳንዷ ደውዪ፣ "ያንን ዙር አትጠቀሚበት፣ ገንዘብሽን ወይም አዲስ አመጣለሁ" በዪ። ይህን ስልክ መደወል ከሁሉ ያስፈራል፣ ግን ደንበኛ የሚጠፋው ዝም ሲባል ነው።

ነቀዝ ወጣበት፦ የተረፈውን አትቀላቅዪ። ባልዲውንና መደርደሪያውን አጥቢና ፀሐይ ላይ አድርቂ፣ የአተሩን ሻጭ ቀይሪ፣ ከወለል ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ።

ዱቤ ተጠራቀመ፦ አዲስ ዱቤ ዛሬ አቁሚ። ለእያንዳንዱ ባለዕዳ መጠኑንና የሚከፈልበትን ቀን ጠይቀሽ ጻፊ፣ በትንሽ በትንሽ እንዲከፍል ፍቀጂ። እስኪከፍል ድረስ ሽሮ በጥሬ ብር ብቻ ይግዛ። መግዛቱን አትከልክዪው፣ ካፈረ ሁለቱንም ታጪያለሽ።

አተር በድንገት ተወደደ፦ ከረጢቱን 450 ግራም አድርጎ በአሮጌው ዋጋ መሸጥ አይሆንም። የደረጃ 5ን ስሌት እንደገና ሥሪ፣ አዲሱን ዋጋ አውጪ፣ ለቋሚ ደንበኞች ከሳምንት በፊት ንገሪ። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ "አተር ከ150 ወደ 190 ስለገባ ግማሽ ኪሎው 380 ሆኗል።"